ሐረር፦ የአያትዎ ጠመንጃ የገባበት በር

በስንቱ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ ነው ካባ የደረቡ፣ ጠመንጃቸውን ይዘው ቀጥ ብለው የቆሙ አያት ወይም ቅድመ አያት ፎቶግራፍ የተሰቀለው! እንግዳ ሲመጣ «እኚህ ማን ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። እርስዎም ስማቸውን፣ አገራቸውን፣ የዘመቱበትን ጦርነት ይናገራሉ። ስለ ጠመንጃው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቢጠየቁም መልሱ በአብዛኛው «ምንሽር መሰለኝ» ከሚል አያልፍም።

በአንዳንድ ቤተሰብ ዘንድ ደግሞ ፎቶው ብቻ ሳይሆን ብረቱም አለ። በአቡጀዴ ተጠቅልሎ ገጠር ካለው ቤት ቆጥ ላይ ወይም ከአሮጌ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሽማግሌው ሲያርፉ ልጆች ይሰበሰባሉ፤ ቤቱና መሬቱ ይከፈላል፤ በመጨረሻም የሁሉም ዓይን ወደዚያ ጥቅል ይዞራል። ምን ዓይነት ነው? ስንት ያወጣል? ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ? አንዱ ልጅ «የአድዋ ነው» ይላል፣ ሌላው «የአምስቱ ዘመን የአርበኝነት ነው» ይላል፣ ሦስተኛው ገዢ አግኝቻለሁ ይላል። ብረቱን ማንበብ የሚችል ሰው ከመካከላቸው ከሌለ ክርክሩ መጨረሻ የለውም።

ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ የሚጀመርባት አንዲት ከተማ አለች። ሐረርን ብዙዎቻችን የምናውቃት በጅቦቿ፣ በቡናዋና በጀጎል ግንብ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን ከባሕር ወደ ሸዋ ከሚጓዘው ጠመንጃ ብዙው ያለፈባት በር እሷ ነበረች። በሚቀጥለው የትምህርት ቤት ዕረፍት ልጆችዎን ይዘው ሲሄዱ፣ ከጅቡና ከቡናው ጎን ለጎን ይህን ታሪክም እንዲያዩ እንጋብዝዎታለን። በዚህ ጽሑፍ የሚያገኟቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ብረቱ ላይ ተመትቶ የሚያገኙትም ያው ነውና።

ከባቡር ጣቢያው ይጀምሩ

አውሮፕላኑ የሚያሳርፍዎ ድሬዳዋ ነው። ወደ ሐረር ከመውጣትዎ በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል በከዚራ ጥላ ሥር ይንሸራሸሩና የድሮውን የባቡር ጣቢያ ይመልከቱ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ነበር። ድሬዳዋም ከተማ የሆነችው በዚሁ ሐዲድ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ማጓጓዣ ግመል ነበር። ከታጁራ፣ ከዘይላና ከጅቡቲ የሚነሡ ሲራራ ነጋዴዎች የአፋርንና የኢሳን በረሃ አቋርጠው፣ አንዳንዱ በቀጥታ ወደ አንኮበር፣ አንዳንዱ በሐረር በኩል ወደ ሸዋ ይዘልቅ ነበር። ወደ ባሕር የሚወርደው ጭነት ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ነበር። ከባሕር ከሚመጣው ውስጥ አንዱ ጠመንጃ ነው።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ያለው መንገድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ዳገቱን እየተጠማዘዘ ይወጣል። ሙቀቱ እየቀነሰ፣ የጫት ማሳው እየበዛ ይሄዳል። ልጆች የግመሎቹን ጉዞ በዓይነ ኅሊናቸው እንዲያዩ ከፈለጉ እዚህ ዳገት ላይ ታሪኩን ይንገሯቸው። አንድ የፈረንሳይ ውጅግራ አራት ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። አርባ ውጅግራ በሣጥን ሲታሸግና ጥይቱ ሲጨመርበት ስንት ግመል እንደሚያስፈልግ ለራሳቸው ያስሉት።

የባለቅኔው ሒሳብ

በሸዋ በር በኩል ወደ ጀጎል ይግቡ። ግንቡን በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ ዩኔስኮም በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የልብስ ሰፊዎቹን መኪና ድምፅ እየሰሙ በመኪና ግርግር በኩል ሲያልፉ፣ በባለቀለም መስታወቱና በእንጨት ፎቁ ከሩቅ የሚለይ ቤት ያገኛሉ። የራምቦ ቤት ይባላል። ቤቱን ያሠራው የሕንድ ነጋዴ እንጂ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ አይደለም። ራምቦ ግን በዚህች ከተማ መኖሩና መነገዱ እርግጥ ነው። ግጥም መጻፍ ከተወ በኋላ በ1880 ወደ ሐረር መጣ። ቡናና ቆዳ ይገዛ ነበር።

በ1885 ትርፍ ያስገኛል ብሎ ያሰበውን ንግድ ጀመረ። ጠመንጃ ገዝቶ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ መሸጥ ፈለገ። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ሒሳቡን በግልጽ አስቀምጦታል። ጠመንጃዎቹ በአውሮፓ ጦር ዘንድ ከጥቅም ውጭ ከሆኑ አርባ ዓመት የሞላቸው፣ በሊዬዥ ከተማ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ አንዱ ሰባት ወይም ስምንት ፍራንክ የሚያወጣ ነው። ሸዋ ሲደርስ አርባ ፍራንክ ያህል ይሸጣል።

ልጅዎ በሂሳብ ትምህርት የተማረውን እዚህ ላይ ይጠቀምበት፤ ዋጋው አምስት እጥፍ ሆኗል። ታሪኩ ግን በትርፍ አላለቀም። ታጁራ ላይ ፈቃድና ግመል ሲጠብቅ ዓመት አለፈ፣ ሸሪኩ ሞተ። በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ ሐረርን ለመያዝ ዘምተው አልተመለሱም ነበር። በመጨረሻ እንጦጦ ላይ ተገናኝተው ንጉሡ ዋጋውን ቆረጡበት፤ የሟቹ ሸሪኩ ዕዳም ተቀነሰበት፤ ገንዘቡንም ሐረር ላይ ከራስ መኮንን እንዲቀበል ወረቀት ሰጡት። ራምቦ ከዚህ ንግድ ከሰርሁ ብሎ ነው የጻፈው።

ይህን ታሪክ ያመጣነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። አውሮፓ አዲስ ጠመንጃ ባወጣች ቁጥር አሮጌው ትርፍ ሆኖ ወደ ገበያ ይወጣ ነበር። በአገራችን ያለው አሮጌ ጠመንጃ ብዙው የዚህ ትርፍ ልጅ ነው። ብረቱ ላይ የተመታው ዓመት የተሠራበት እንጂ ወደ እኛ የገባበት አይደለም። በ1876 የተሠራ ውጅግራ እዚህ የደረሰው ከተሠራ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። አያትዎ የያዙት ደግሞ ከዚያም ዘግይተው ይሆናል።

ብረቱ እንዴት ይነበባል?

ከራምቦ ቤት ብዙም ሳይርቁ የሸሪፍ ሙዚየምን ያገኛሉ። አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው ያሰባሰቡት የሐረር ቅርስ ነው። የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጥ፣ አልባሳትና የድሮ መሣሪያዎች ይገኙበታል። ቤቱ ራሱ ራስ ተፈሪ የኖሩበት ነው። እዚህ፣ ወይም አዲስ አበባ ፒያሳ ባለው የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ ከመስታወት ጀርባ ያለ አሮጌ ጠመንጃ ሲያዩ ከሩቅ ሆነው ብዙ ነገር መለየት ይችላሉ። ሳሎንዎ ያለውን ፎቶግራፍም በዚሁ ዘዴ ያነቡታል።

መጀመሪያ ቀኝ ጎኑን ይመልከቱ። የበር መቀርቀሪያ የሚመስል፣ ጫፉ ላይ እንክብል ያለው የብረት እጀታ ካለ በእጅ እየተከፈተና እየተዘጋ የሚተኩስ ጠመንጃ ነው። ከሌለ፣ ከኋላው በቀንድ የሚመታ ከሆነ፣ ሰናድር ወይም ረሚንግተን ሊሆን ይችላል። ረሚንግተን በግብፅ ጦር እጅ የነበረ ነው። ከ1875 እስከ 1885 ሐረርን የያዘው የግብፅ ጦር ሲሆን፣ በጉንደትና በጉራዕ ጦርነት ከግብፆች የተማረከው መሣሪያም የአፄ ዮሐንስን ሠራዊት አጠናክሯል።

ሁለተኛ ከምላጩ ፊት ለፊት፣ ከእንጨቱ ሥር የሚወጣ ሣጥን መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። ይህ ካዝናው ነው። ይህ አንድ ምልክት ብቻውን ግማሹን ጥያቄ ይመልሳል።

ውጅግራ። ካዝና የለውም፤ አንድ ጥይት አጉርሶ አንድ ይተኩሳል። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም የመጣ ነው፤ «የግራ ጠመንጃ» ማለት ነው። በ1874 የወጣ ሲሆን የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ነው። ርዝመቱ 1.30 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በፎቶ ላይ ረጅም ሆኖ ይታያል። በርሜሉ ላይ የፋብሪካው የመጀመሪያ ፊደልና ዓመት ይመታበታል። የቅዱስ ኤቲየን ፋብሪካ ሥራ ከሆነ የ«ኤስ» ፊደል ያገኛሉ። «ኤም 80» የሚል ካዩበት በ1880 የተሻሻለ ነው።

ሌበል። ርዝመቱ ከውጅግራ ጋር ይመሳሰላል፤ ሆኖም መሐሉ ላይ እንጨቱ ተቋርጦ ብረት ብቻ ይታያል። ጥይቶቹ ስምንት ሲሆኑ የሚሰለፉት ከበርሜሉ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ ነው። ስለዚህ ካዝናው ከውጭ አይታይም። በ1886 የወጣው ይህ ጠመንጃ ጭስ በሌለው ባሩድ የሚሠራ የመጀመሪያው የጦር ጠመንጃ ነው። ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር ነው።

ቬተርሊ። የጣሊያን ጠመንጃ ነው። በ1870 ሲወጣ አንድ ጎራሽ ነበር። ከ1887 ጀምሮ አራት ጥይት የሚይዝ ሣጥን ከሥሩ ተገጠመለትና «ቬተርሊ ቪታሊ» ተባለ። ሆዱ ወጣ ያለ፣ አፈሙዙ ሰፊ፣ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። አድዋ ላይ አብዛኛው የጣሊያን ወታደር የያዘው ይህን ነው።

ካርካኖ። በ1891 የወጣ የጣሊያን ጠመንጃ ሲሆን በ1935 አገራችንን የወረረው ጦር ዋና መሣሪያ ነበር። አፈሙዙ ጠባብ፣ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስድስት ጥይት ከነማቀፊያው ይጎርሳል። የተሠራበት ከተማ ስም፣ ለምሳሌ ተርኒ ወይም ብሬሻ፣ ይመታበታል። አንዳንዱ ላይ ከዓመቱ አጠገብ የሮማ ቁጥር አለ። ያ የፋሺስት ዘመን አቆጣጠር ነው፤ የሚጀምረውም ከጥቅምት 1922 ነው። የሮማ አሥራ አራት ካዩ 1935 ወይም 1936 ማለት ነው።

ቤልጅግ። የጀርመኑ ማውዘር በቤልጅግ አገር ኤርስታል ከተማ ተሠርቶ የመጣ ነው። ከ1930 አካባቢ ጀምሮ የክብር ዘበኛን ያሠለጠኑት የቤልጅግ መኮንኖች ስለነበሩ መሣሪያውም በብዛት ከዚያው ተገዛ። አምስት ጥይት ይይዛል፤ ካዝናው ግን እንጨቱ ውስጥ ስለተሸሸገ ከሥር አይታይም። ስፋቱ 7.92 ሚሊ ሜትር ነው። የፋብሪካው ስም «ፋብሪክ ናሲዮናል» ተብሎ ብረቱ ላይ ተጽፏል። አንዳንዶቹ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድና የይሁዳ አንበሳ ታትሟል። ይህን ምልክት በቤትዎ ካገኙ በልዩ ትኩረት ይያዙት።

ሊ ኤንፊልድ። የእንግሊዝ ጠመንጃ ነው። አፍንጫው ደፍጣጣ ሆኖ እንጨቱ እስከ አፈሙዙ ይደርሳል። ካዝናው አሥር ጥይት ስለሚይዝ ከሥሩ ጎልቶ ይታያል። ከሰደፉ አንገት በስተቀኝ የብረት ቀለበት ላይ ዘውድ፣ የፋብሪካ ስምና ዓመት ያገኛሉ። በ1941 ከእንግሊዝ ጦር ጋር መጥቶ በአርበኞች እጅም ገብቷል።

ምንሽር የሚለው ስም «ማንሊኸር» ከሚለው የኦስትሪያ ጠመንጃ ስም እንደመጣ ይነገራል። ዛሬ ግን ሰው ለብዙ ዓይነት ረጅም ጠመንጃ ስለሚጠቀምበት፣ «ምንሽር ነው» መባሉ ብቻውን ዓይነቱን አይነግርዎትም።

«የአድዋ ነው» ከመባሉ በፊት

አሮጌ ጠመንጃ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ታሪክ አብሮ ይሸጣል። ከሁሉ ታሪክ ደግሞ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣው አድዋ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ እዚህ ላይ ሥሩ ዓመቱ ነው። የአድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 በእኛ አቆጣጠር፣ በአውሮፓ መጋቢት 1 ቀን 1896 ተደረገ። ከ1896 በኋላ የተሠራ ማንኛውም ጠመንጃ አድዋ ላይ አልነበረም። የይሁዳ አንበሳ ያለበት የ1930ዎቹ ቤልጅግም፣ የ1936 ካርካኖም አልነበሩም።

ይህ ማለት ግን የ1936 ካርካኖ ክብር የለውም ማለት አይደለም። አያትዎ የያዙት ካርካኖ ከሆነ ጥያቄው ይለወጣል። ከወራሪው ጦር ማርከውት ይሆን? ባንዳ ትቶት ያገኙት ይሆን? ከነፃነት በኋላ የገዙት ይሆን? እነዚህ ሦስት መልሶች ሦስት የተለያየ የሕይወት ታሪክ ናቸው። የተሳሳተ አድዋ ከእውነተኛ ማይጨው አይበልጥም። ልጆች አድገው የተነገራቸው ሐሰት መሆኑን ራሳቸው ሲደርሱበት፣ እውነተኛውንም ታሪክ አብረው ይጠራጠሩታል።

ፈረስ መጋላ ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ዓይነት እውነት ይጠብቅዎታል። በአደባባዩ መሐል ያለው መታሰቢያ በ1887 ጨለንቆ ላይ ለሞቱት የሐረር ሰዎች የቆመ ነው። የምኒልክ ጦር ጠመንጃ የአሚር አብዱላሂን ጦር አሸንፎ ከተማዋን የያዘው በዚያ ውጊያ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ የሸዋ፣ የሐረርና የሌላው አገር ሰው አድዋ ላይ በአንድ ወገን ተሰለፈ። ያው ዓይነት ብረት ለአንዱ ቤተሰብ ኩራት፣ ለሌላው ቤተሰብ ሐዘን ነው። ልጆችዎ ሁለቱንም እዚሁ አደባባይ ላይ ቆመው ቢሰሙ ጥሩ ነው።

ዋጋው በምን ይለካል?

የአሮጌ ጠመንጃ ዋጋ በመተኮሱ አይለካም። ሰብሳቢዎችና ሙዚየሞች የሚያዩዋቸው ነገሮች አምስት ናቸው።

የመጀመሪያው እንደነበረ መቆየቱ ነው። በሸካራ ወረቀት የተፈገፈገ፣ ቫርኒሽ የተቀባ፣ ኒኬል የተነከረ፣ ሰደፉ ወይም አፈሙዙ የተቆረጠ ጠመንጃ አብዛኛውን ዋጋውን ያጣል። ማኅተሞቹ ያሉት በእንጨቱና በብረቱ ላይ ስለሆነ፣ ሲፈገፈግ አብረው ይጠፋሉ። ቤተሰብ በበዓል ዋዜማ «እናሳምረው» ብሎ የሚያደርሰው ጉዳት ዝገት በመቶ ዓመት ካደረሰው ይበልጣል። የተሰበረ አንገት በጠፍር ተጠፍሮ ከሆነ ጠፍሩን አይፍቱት፤ እሱም የታሪኩ አካል ነው።

ሁለተኛው የቁጥሮች መመሳሰል ነው። በማውዘርና በሊ ኤንፊልድ ላይ መቀርቀሪያውና አካሉ አንድ ቁጥር ቢኖራቸው ከፋብሪካ አብረው እንደወጡ ይታወቃል። ካርካኖ ላይ ግን መቀርቀሪያው ብዙውን ጊዜ ቁጥር ስለማይመታበት፣ የበርሜሉንና የእንጨቱን ቁጥር ነው የሚያነጻጽሩት።

ሦስተኛው የአካሉ ደኅንነት፣ በተለይ የበርሜሉ ውስጥ ነው። ጠመዝማዛ ቦዮቹ የሚታዩና ያልተበሉ ከሆነ ዋጋው ከፍ ይላል። አራተኛው ብርቅነቱ ነው። በሚሊዮን የተሠራ ካርካኖ ከአንበሳ ምልክት ካለው ቤልጅግ ጋር እኩል አይታይም።

አምስተኛው ታሪኩ ከነማስረጃው ነው። እዚህ ላይ ነው የእርስዎ ቤተሰብ ማንም ነጋዴ የሌለው ነገር ያለው። አያትዎ ያንኑ ጠመንጃ ይዘው የተነሡት ፎቶ፣ የድሮ የፈቃድ ወረቀት፣ የሜዳልያ ምስክር ወረቀት ወይም አንድ ደብዳቤ ተራውን ብረት ልዩ ያደርገዋል። ወረቀትና ብረት ተለያይተው ከተሸጡ ሁለቱም ይረክሳሉ። ስለዚህ ውርስ ስትካፈሉ ጠመንጃውን ለአንዱ፣ ፎቶውን ለሌላው አትስጡ።

አንድ ሰው ቤትዎ መጥቶ «አሮጌ ብረት ነው፣ ይህን ያህል ልስጥዎት» ካለ የራምቦን ሒሳብ ያስታውሱ። ሊዬዥ ላይ ስምንት ፍራንክ የነበረው ሸዋ ላይ አርባ ሆኗል። ዛሬ ጉዞው ወደ ኋላ ዞሯል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከኢትዮጵያ የጦር ግምጃ ቤቶች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ውስጥ ለሰብሳቢዎች ሲሸጡ ቆይተዋል። ውጅግራ፣ ቬተርሊ፣ ካርካኖና ቤልጅግ ከነአቧራቸው እዚያ ደርሰዋል። እዚያ የምትኖሩ ወገኖቻችን ይህን ስታዩ ሁለት ነገር አስተውሉ። በርሜሉ ላይ ያስመጪው ስም በአዲስ ፊደል ተመትቶ ከሆነ በንግድ የገባ ነው፤ «አያቴ ይዘውት የመጡ» የሚል ሻጭ ካለ ምልክቱ ይመሰክርበታል። በአሜሪካ የፌደራል ሕግ እስከ 1898 ድረስ የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይታያል፤ የክፍለ ግዛቶች ሕግ ግን ይለያያልና የምትኖሩበትን ጠይቁ።

ሕጉና የልጆች ደኅንነት

በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (በእኛ አቆጣጠር) ወጥቷል። ጠመንጃው የመቶ ዓመት ዕድሜ ስላለው ብቻ ከሕግ ውጭ አይሆንም። ፈቃዱ በአባትዎ ስም ከነበረ በእርስዎ ስም እንዳለ አድርገው አይቁጠሩት። ለመሸጥም ሆነ ለማቆየት ከመወሰንዎ በፊት ለአካባቢዎ ፖሊስ አሳውቀው ምን ማድረግ እንዳለብዎ ይጠይቁ። ሙዚየም ማስቀመጥም አንድ አማራጭ ነው፤ ስማቸው በመዝገብ ሰፍሮ ታሪካቸው ለሕዝብ ይነበባል። ከአገር ማውጣት ግን በመሣሪያ ሕግም በቅርስ ሕግም የሚያስጠይቅ ስለሆነ፣ «ውጭ ላለው ወንድሜ ልላክለት» ብለው ሻንጣ ውስጥ እንዳይከቱት።

አሮጌ ነው ብለው ባዶ ነው አይበሉ። በአቡጀዴ የተጠቀለለው ጠመንጃ ከነጥይቱ ሊሆን ይችላል። መቀርቀሪያውን ለመክፈት አይታገሉ፤ መሣሪያ የሚያውቅ ባለሙያ ወይም ፖሊስ ባዶ መሆኑን ያረጋግጥ። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው መለካት የሚቻለው። ለግምት አንድ ተራ እርሳስ ይበቃል። 6.5 ሚሊ ሜትር በሆነው የካርካኖ አፈሙዝ አይገባም፤ በ8 ሚሊ ሜትር እየጠበቀ ይገባል፤ በውጅግራና በቬተርሊ ላይ ግን ዙሪያው ሰፊ ክፍተት ይቀራል። በዚህ አሮጌ ጠመንጃ ለመተኮስ በፍጹም አይሞክሩ፤ ያረጀ ብረት በሚይዘው ሰው ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ልጆች ደግሞ አንድ ሕግ ይበቃቸዋል፤ በዓይን ይታያል፣ በእጅ አይነካም። ሙዚየም ውስጥ ከመስታወቱ ጀርባ ቆመው ሲያዩ ይህን ሕግ በቀላሉ ይለምዱታል።

ከመመለስዎ በፊት

ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲመገብ ልጆቹ ይዩ፤ ጠዋት ደግሞ አንድ የሐረሪ ባህላዊ ቤት ይጎብኙ። ግድግዳው በስፌትና በሳሕን ተሸፍኗል። የባለቤቷ እናትና አያት የሠሩት ስፌት ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ተሰቅሏል፤ የትኛው የማን እንደሆነ ብትጠይቋት አንድ በአንድ ትነግራችኋለች። በእኛ ቤት ግድግዳ ላይ ስላለው ነገር ይህን ያህል የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?

ቡናዎን ገዝተው ወደ ድሬዳዋ ሲወርዱ በመንገድ ላይ አንድ ስልክ ይደውሉ። በቤተሰቡ ውስጥ በዕድሜ ለገፉት አክስት ወይም አጎት ይሁን። ጠመንጃው ከማን እጅ እንደመጣ፣ በየትኛው ዘመቻ እንደነበረ፣ ከዚያ በኋላ ማን እንደያዘው ይጠይቋቸው። ልጅዎ ይጻፍ፤ ስም፣ ቦታና ዓመት እየለየ። የሚያውቁትንና የሰሙትን ለይተው እንዲነግሯችሁ አደራ ይበሏቸው። ቁጥሩና ማኅተሙ ብረቱ ላይ ስለሆነ ነገም ይነበባል። አክስትዎ የሚያውቁት ግን የተጻፈበት ሌላ ቦታ የለም።